የባሕሩ አምባዛ፦ ሲያዩት ያምራል፣ ሲነኩት ግን…

አምባዛ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሐዋሳና የዝዋዩ ነው። ጢማም፣ ጠቆር ያለ፣ ጭቃ የሚወድ። ጨው ውኃ ውስጥ የሚኖር ዘመድ እንዳለውስ ታውቁ ነበር? ሳይንሳዊ ስሙ ፕሎቶሰስ ሊኒያተስ ነው። እዚሁ ጎረቤታችን ቀይ ባሕር ውስጥ አለ፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ እስከ ጃፓንና አውስትራሊያ ድረስም ይገኛል።

ቡናማ ነው፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት። ርዝመቱ ቢበዛ 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አፉ ዙሪያ ያሉት 8 ጢሞች ጌጥ እንዳይመስሏችሁ፤ ማታ ማታ አሸዋውን እየፈተሸ ትልና ሸርጣን የሚያድነው በእነሱ ነው። ጨዉን እንዴት ቻለው ካላችሁ ደግሞ፣ ፊንጢጣው አጠገብ ቅርንጫፍ የመሰለች ትንሽ አካል አለችው። ትርፉን ጨው የምታስወጣለት እሷ ናት።

ትንንሾቹ ግን ጉድ ናቸው! መቶ ያህል ሆነው ጥቅጥቅ ብለው ኳስ ይሠራሉ። ኳሱ ኮራሉ ላይ እየተንከባለለ ሲሄድ ላየው አንድ ትልቅ እንስሳ ነው የሚመስለው። ሲያድጉ ይበታተኑና ቀን ቀን ድንጋይ ሥር ይደበቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይሄ ዓሣ ጀርባው ላይ 1፣ በግራና በቀኝ ጎኑ አንዳንድ፣ በድምሩ 3 መርዛም እሾህ አለው። እሾሁ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ ነው። ሲወጋ ሕመሙ ከባድ ነው፤ አልፎ አልፎም ለሕይወት ያሰጋል።

ነገሩ በተለይ እስራኤል ላላችሁ ይመለከታል። በ1869 የተከፈተው የስዊዝ ቦይ ለብዙ የቀይ ባሕር ዓሦች መንገድ ሆኗል። ይሄኛውም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ በብዛት ተራብቷል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በብዛት የሚወጉት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ከመረብ ሲያላቅቁት። ቅርፊት ስለሌለው ኮሸር አይደለም፤ እዛ ገበያም ብዙ ፈላጊ የለውም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ከአደገኛ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ዓሣው ቢሞትም እሾሁ መውጋቱን፣ መርዙም መሥራቱን አያቆምም። ስለዚህ አሸዋ ላይ ወድቆ ብታገኙት ለሴልፊ ብላችሁ እንዳታነሱት።

ከወጋችሁስ? የተወጋውን ቦታ ሙቅ ውኃ ውስጥ ንከሩት። መርዙ ሙቀት አይወድም። ውኃው ግን ቆዳ የሚልጥ ሳይሆን የምትችሉት ይሁን፣ 45 ዲግሪ ገደማ፤ ባልተወጋው እጃችሁ ቀድማችሁ ሞክሩት። ከዚያ ቀጥታ ሐኪም ቤት፤ የእሾህ ስባሪ ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ የቴታነስ ክትባትም ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።