በኮምፒዩተር ስለሚሰጥ የብድር ነጥብና ምክንያቱን ለገበሬ ስለ መግለጥ

በ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር በዐዋጅ ሲወሰን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተከፈለ፤ በየጋሻውም ለሙ 15፣ ለም ጠፉ 10፣ ጠፉ 5 ብር እንዲከፈልበት ሆነ። መሬቴ ያለ አግባብ ለም ተባለ የሚል ባላገር ግን ክርክሩን የሚያቆምበት ነገር ነበረው፤ ይኸውም አፈሩን አንሥቶ ለማሳየት ይችል ነበር።

ዛሬ ገበሬው የሚመዘንበት ሌላ ሚዛን መጥቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋራ «መላ» የሚባለው አነስተኛ ብድር ወጣ፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ምቹ» የሚባል መያዣ የማይጠይቅ ብድር አቋቁሟል። እንደነዚህ ባሉ ብድሮች በመሬትና በቤት ፈንታ የተበዳሪው የገንዘብ ዝውውርና የቀድሞ ብድር መዝገብ ይመዘናል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለው ሒሳብ እየተወሳሰበ ሄዷል፤ ኮምፒዩተሩ ማን እንደ መለሰ፣ ማንስ እንዳልመለሰ ከብዙ ሺሕ መዝገቦች አነጻጽሮ ራሱ ይማራልና፣ ያሠራው ባለሙያ እንኳ ነጥቡ ከምን እንደ መጣ አንብቦ ለመናገር ይቸገራል።

እንግዲህ በዲጋ ወረዳ በቆሎና ቡና የምታመርት አንዲት ገበሬ በሚያዝያ ለማዳበሪያ ብድር ጠይቃ ስልኳ «አልተፈቀደም» አላት እንበል። ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት መጥታ «ምን አጥፍቼ ነው?» ማለቷ አይቀርም። «ኮምፒዩተሩ እንዲህ አለ» ማለት መልስ አይደለም፤ የመዝሪያውም ወር አይጠብቃትም።

ምክንያቱን ለማውጣት ከታሰቡት መንገዶች ዋነኛው ከድርሻ አከፋፈል የተወሰደ ነው። ሎይድ ሻፕሌይ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ብዙ ሰዎች በኅብረት ሠርተው ያገኙት ትርፍ ለእያንዳንዱ እንዴት ሊከፈል እንደሚገባ በ1953 እ.ኤ.አ. ጻፈ። አንዱ ሠራተኛ ሲጨመር ትርፉ ምን ያህል እንደሚያድግ በመግቢያው ተራ ሁሉ ተፈትኖ አማካዩ ድርሻው ይሆናል። ስኮት ሉንድበርግና ሱ-ኢን ሊ በ2017 እ.ኤ.አ. በሠራተኞቹ ቦታ ምክንያቶችን ተክተው ይህንኑ ለኮምፒዩተር ነጥብ አዋሉት፤ ዘዴው ሻፕ ይባላል።

ለምሳሌ ያህል የተበዳሪዎች አማካይ ነጥብ 60፣ የገበሬዋ 45 ቢሆን፣ የጐደለው 15 ነው። ሒሳቡ ሲፈታ፣ በስልክ ያስተላለፈችው ገንዘብ ማነሱ 18፣ የቀድሞ ብድር አለመኖሩ 4 ቀነሰባት፤ የማኅበር አባልነቷ 7 ጨመረላት። የማብራሪያው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ቡናዋን በጥሬ ገንዘብ ሸጣ፣ የስልኩም መሥመር በባሏ ስም ወጥቶ እንደ ሆነ፣ መዝገቧ የሳሳው ብድር የማትመልስ ስለ ሆነች አይደለም። ምክንያቱ ከታወቀ የማኅበሩን የሽያጭ ደረሰኝ አምጥታ እንዲታይላት ማመልከት ይቻላል፤ ካልታወቀ ግን የትኛውን ወረቀት እንደምታመጣ የሚነግራት የለም።

ነገር ግን ዘዴው ኮምፒዩተሩ እንዴት እንደ ቈጠረ እንጂ ሰው በእውነት ስለ ምን ብድሩን እንደሚከፍል አይናገርም። ደግሞም ሁለት የሚመሳሰሉ ምክንያቶች ሲኖሩ ድርሻው በመካከላቸው ይከፋፈልና ዋናው ምክንያት ጥቃቅን መስሎ ይታያል። በዚህ ሁኔታ «ይህን አድርጊ፤ ነጥብሽ ያድጋል» ብሎ ገበሬዋን መምከር ዋስትና የሌለው ምክር ነው።

ስለዚህም ሲንቲያ ሩዲን የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ፣ ከባድ ውሳኔ በሚሰጥበት ቦታ የጨለመውን ሒሳብ ከማብራራት ይልቅ ከመጀመሪያው ግልጥ የሆነውን መሥራት ይሻላል ብላለች። ግልጥ ማለት በአንድ ገጽ ተጽፎ በጣት የሚደመር የነጥብ ሠንጠረዥ ነው፤ ለወረዳ ሥራም ይኸኛው ሳይሻል አይቀርም። የግድ ውስብስቡ ካስፈለገ፣ ብድርን በጊዜው መመለስ ነጥብን ከቶ እንዳይቀንስ አስቀድሞ በሒሳቡ ውስጥ ማሰር ይቻላል።

አበዳሪ ድርጅት ከወረዳው ጋራ ለመስማማት ሲመጣ አስተዳዳሪው ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ለተከለከለው ሰው ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች በአፋን ኦሮሞ ይነገሩት እንደ ሆነ፣ ማንበብ ለማይችለውም በድምፅ ይሰማ እንደ ሆነ፣ አቤቱታውንም በስንት ቀን ውስጥ የሚያይ ሰው፣ ኮምፒዩተር ያይደለ ሰው፣ የተመደበ እንደ ሆነ። መልሱም ከስምምነቱ ወረቀት ላይ ይጻፍ።