ቡታጋዝ ወይስ መብራት? ጓዳችንን የሚያራቁተው የትኛው ነው?

ሽንኩርት ተወደደ፣ ዘይት ተወደደ፣ ጤፍማ አይነሣ! ገበያ ደርሰን ስንመለስ የምናማርረው በእነዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ሽንኩርቱን ቁሌት፣ ጤፉን እንጀራ የሚያደርገው እሳት በወር ስንት እንደሚያስወጣን ቁጭ ብሎ ያሰላ ስንቱ ነው? መቼም አብዛኞቻችን ሲሊንደሩ ሲያልቅ እናስሞላለን፣ ካርዱ ሲያልቅ እንሞላለን፣ ከዚያ «ብሩ የት ገባ?» እየተባባልን እንነታረካለን።

ሰሞኑን በዚሁ ጉዳይ የተኳረፉ ባልና ሚስት አጋጥመውኛል። ከተጋቡ ሁለት ዓመታቸው ነው። እሱ «ደሞዜን በቡታጋዝ አቃጠልሽው፤ ስቶቭ ገዝቼ አምጥቼልሽ የለም እንዴ?» ይላል። እሷ ደግሞ «አንተ ማታ መጥተህ ራት ቀርቦ ታገኛለህ፤ መብራት ሲጠፋ ጓዳ ገትሮ የሚያቆመኝን ነገር አታውቀውም» ትላለች። ነገሩ ከረር ብሎ በአንድ ቤት ሁለት የገንዘብ ኪስ እስከመያዝ ደርሰዋል። ለትዳር ደግሞ ከዚህ የባሰ ምን አለ? ስለዚህ ሽምግልናው ቀርቶ ሒሳቡን ብንሠራው ይሻላል አልኩና እነሆ ለእናንተም አቀረብኩት።

አንድ ኪሎ ጋዝ ስንት መብራት ነው?

ጋዝ በኪሎ፣ መብራት በኪሎዋት ሰዓት ስለሚሸጥ ሁለቱን ማነጻጸር የሚከብድ ይመስላል። ግን አይከብድም። ኪሎዋት ሰዓት ማለት ባለ 1000 ዋት ምድጃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የሚበላው ነው። ቆጣሪያችሁ የሚቆጥረውም ይህንኑ ነው።

አንድ ኪሎ ቡታጋዝ ሲነድ ወደ 13 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ነገር ግን ነበልባሉ በድስቱ ጎንና ጎን እየሾለከ ስለሚባክን ወጡ ጋ የሚደርሰው ግማሹ ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለው ብቻ ነው፤ ሰባት ያህል በሉት። የኤሌክትሪክ ስቶቭ ደግሞ ድስቱ እላዩ ላይ ስለሚቀመጥ ከመቶ ወደ 70 የሚሆነውን ሙቀት ለድስቱ ያስረክባል። ስለዚህ ያንኑ ሰባት ለማግኘት 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ቀመሩ ይኸው፦ አንድ ኪሎ ጋዝ ማለት 10 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ማለት ነው። 12.5 ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር ደግሞ 125 ይሆናል። እንደ ምድጃውና እንደ ድስቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም ለቤት ሒሳብ ይበቃል።

አሁን እስክሪብቶ አንሡ። ባለፈው ወር ለመብራት የከፈላችሁትን ብር በተጠቀማችሁት ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉት። ካርድ የምትሞሉም ብትሆኑ የከፈላችሁትን ብርና ያገኛችሁትን ኪሎዋት ሰዓት ደረሰኙ ላይ ታገኙታላችሁ። የደረሰባችሁን ዋጋ በ10 አባዙት። ያ ከአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋ ካነሰ መብራት ይረክሳል፤ ከበለጠ ጋዝ ይረክሳል። ለምሳሌ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር ደረሰባችሁ እንበል። በ10 ሲባዛ 50 ብር ነው። ቡታጋዙ ከመብራቱ እኩል እንዲሆን ሲሊንደሩ በ625 ብር መሞላት አለበት ማለት ነው። በዚህ ዋጋ የሚሞላ ቤት ካወቃችሁ እባካችሁ ለኔም ጠቁሙኝ!

ለምን እንዲህ ተራራቁ? ቡታጋዝ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ሲወደድ ሲሊንደሩም አብሮ ይወደዳል። መብራቱ ግን በአብዛኛው ከራሳችን ውሃ የሚመነጭ ነው፤ ጊቤ፣ ተከዜ፣ ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴው ግድብም ሌላ ምንም ሳይሆኑ ወንዝ ናቸው።

ይህ ማለት ግን መብራት እንደ ድሮው ነው ማለት አይደለም። ከመስከረም 2017 በፊት በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል የተወሰነ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ያስተማርኳችሁን ማካፈልና ማባዛት በየሦስት ወሩ ድገሙት። ደግሞም አትርሱ፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል።

ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ማን ነው?

ብዙ ቤት ሒሳብ ሲበዛ ቁጣው በአምፖልና በቴሌቪዥን ላይ ነው። «መብራቱን አጥፋ!» ይባላል። ዋናው በላተኛ ግን ጓዳ ተቀምጧል፤ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። ባለ 9 ዋት አምፖል ቢሆን 390 ያህሉን ባንድ ጊዜ ማብራት እንደማለት ነው።

እኔ ነገሩን ለማረጋገጥ አንዲት ጎረቤቴ ስትጋግር ቆጣሪውን በፊትና በኋላ አነበብኩት። ምጣዱን ካጋለች ጀምሮ 24 እንጀራ አውጥታ እስክትነቅል 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ፈጀባት። ቆጣሪው 5 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ። አንዱ 5 ብር ቢሆን 25 ብር ነው፤ ለአንድ እንጀራ አንድ ብር ገደማ መሆኑ ነው።

ተከራይና አከራይ

ይህን ቁጥር የፈለግኩት ለባልና ሚስቱ ብቻ አይደለም። አንዲት ሁለት ልጆች ያሏት ተከራይ ያጫወተችኝ ነገር ከነከነኝ። አከራይዋ «ልጄ፣ ምጣድ ከሰካሽ በወር 400 ብር ትጨምሪያለሽ» አሏት። 400ውን ስላልቻለች መጋገሩን ትታ በቀን አራት እንጀራ ከሱቅ መግዛት ጀመረች። ወሩ ሲያልቅ 120 እንጀራ ነው። ለልጆች ወተት የተያዘው ብር ወደዚያ ሄደ።

አሁን እናስላ። 120 እንጀራ አምስት ጊዜ መጋገር ነው፤ 25 ኪሎዋት ሰዓት። በ5 ብር 125 ብር ይሆናል። ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ 250 ብር ነው። 400 የሚያደርሰው ነገር የለም።

ሆኖም አከራይዋን ጨካኝ ብዬ ልዘልፋቸው አልፈልግም። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ እንደ አንድ ትልቅ ቤት ይቆጠራል። ያን ጊዜ የአንዱ ዋጋ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ሴትዮዋ የሚያዩት የሚያስደነግጠውን ድምር እንጂ ማን ስንት እንደበላ አይደለም። መፍትሔው ኩርፊያ ሳይሆን ወረቀት ነው። የተጋገረበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ፣ በ3.5 ይባዛ፣ በወሩ አማካይ ዋጋ ይከፈል። አቅም ካለ ደግሞ ለየቤቱ ውስጥ ለውስጥ ትንንሽ ቆጣሪ ማስገባት ከስንት ጭቅጭቅ ያድናል። ተከራይዋ ሒሳቡን ጽፋ «እትዬ፣ እስቲ አብረን እንየው» ብላ ብታቀርብላቸው ሴትዮዋ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ታዲያ ቡታጋዙን እንሽጠው?

አትሽጡት! ሚስትየዋ ልክ የሆነችው እዚህ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ርካሹ ስቶቭ ቆርቆሮ ነው። ድስት መሐል ላይ ቆሞ የተበላሸ ወጥ፣ ሳይበላ የተኛ ልጅ፣ ከውጭ ተገዝቶ የተበላ ራት ሁሉ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ። መብራት ጠፋ ብሎ በተዘጋ ቤት ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል፤ የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው መርዝ ስንቱን እንቅልፍ ላይ ወስዷል።

እንግዲያው ሚናቸውን እንለያይ። መብራት የዘወትር ሠራተኛ፣ ቡታጋዝ ተጠባባቂ ይሁን። የነዚያ ባልና ሚስት ሲሊንደር እስካሁን ሁለት ወር ነበር የሚቆይላቸው። መብራት ሲኖር በስቶቭ፣ ሲጠፋ ብቻ በጋዝ ቢሠሩ ስንት ወር እንደሚያደርሳቸው ራሳቸው ይዩት። ያን 125 ኪሎዋት ሰዓት ወደ መብራት ቢያዞሩት በወር የሚጨመርባቸው 62 ተኩል ነው፤ በ5 ብር ሒሳብ 312 ብር ገደማ። ባልየው በዋጋው አልተሳሳተም፤ ሚስትየዋም በዋስትናው አልተሳሳተችም። የተጣሉት ሁለት የተለያየ ጥያቄ እየመለሱ ነው።

ኪስ የሚያድኑ ነገሮች

ስትጋግሩ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ጨርሱ፤ ምጣድ ሁለት ጊዜ ማጋል ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራዎች ሶኬቱን ነቅላችሁ በቀረው ግለት አውጡ።

ድስት ክደኑ። ባቄላና ሥጋ የምታበስሉ ከሆነ ፕሬዠር ኩከር ወጪውን ይመልሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጠንካራ እህል ቶሎ አልበስል የሚለን ለዚህም ነው።

ለስቶቭ ታቹ ልሙጥ የሆነ ድስት ተጠቀሙ። ታቹ የጎበጠ ድስት ሙቀቱን ለአየር ይሰጣል።

ምጣድ በቀጭን ገመድ ወይም ቴሌቪዥንና ስልክ በሚሰካበት ማከፋፈያ አትሰኩ። 3500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው፤ ቀጭን ገመድ ይቀልጣል፣ ቤትም ያቃጥላል።

ሲሊንደር ስታስሞሉ አስመዝኑ። ባዶ ክብደቱ እላዩ ላይ ተቀርጿል፤ በዚያ ላይ 12.5 ኪሎ መጨመር አለበት። ከጎደለ ጋዝ ሳይሆን አየር ገዝታችኋል።

ነበልባሉ ሰማያዊ ይሁን። ቢጫ ከሆነና ድስት ካጠቆረ ምድጃው ይጽዳ። ጎማውን በሳሙና አረፋ ፈትሹት፤ አረፋው ከተንቦጨቦጨ ያፈስሳል። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ላይ ይጠራቀማል፤ ከሸተታችሁ ክብሪትም መብራትም ሳትነኩ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ።

ውድ አንባብያን፣ በወር የሚተርፈው ብር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለአንዱ ቤት የልጆች ወተት፣ ለሌላው የሰላም እንቅልፍ ነው። ዛሬ ማታ ከመጣላታችሁ በፊት የባለፈውን ወር ደረሰኝ አምጡና አብራችሁ አካፍሉት።

ቸር ሰንብቱ!