ለኮምፒዩተርም ለስልክም የሚበቃ የንግድ ድረ ገጽ

ደንበኛ በሩ ጠብቦት እንዳይመለስ ነጋዴ ሁሉ እንደሚጠነቀቅ የታወቀ ነው። ነገር ግን የብዙ ነጋዴዎች ሁለተኛ በር የሆነው ድረ ገጽ ሲሠራ ይህ ጥንቃቄ አዘውትሮ ይጓደላል።

ጎፋ የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ነፋስ ስልክ መባሉ ሽቦ አልባውን ስልክ የሚያስታውስ ነው። ዛሬም ከጎፋ ገብርኤል እስከ ጎፋ መብራት ኃይል ባሉት ሱቆች የሚገበያየው ሰው በእጁ የያዘው ሽቦ የሌለውን ስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሒሳብ አከፋፈሉም ይበልጡን ወደ ስልክ አዘንብሏል። እንግዲህ የነጋዴው ድረ ገጽ ለቢሮ ኮምፒዩተር ብቻ ተለክቶ የተሰፋ እንደሆነ፣ በስልክ ላይ ፊደሉ እንደ ጤፍ ይደቃል፤ የዋጋው ሠንጠረዥ ከስክሪኑ ወጥቶ ይቆረጣል፤ ገዢውም ታግሦ ከመፈለግ ይልቅ ወደ ሌላ ነጋዴ ይሄዳል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነውን ዘዴ ኤታን ማርኮት የተባለ አሜሪካዊ የድረ ገጽ ባለሙያ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ስም ሰጥቶ አብራርቶታል። ዘዴው በሦስት ነገሮች የቆመ ነው። አንደኛ፣ የዓምዶች ስፋት በቁርጥ ልክ ሳይሆን ከመቶ ተሰልቶ ይወሰናል። ሁለተኛ፣ ሥዕሎች ከያዛቸው ዓምድ አልፈው እንዳይሰፉ ይደረጋል። ሦስተኛ፣ ገጹ የስክሪኑን ስፋት ለይቶ፣ በሰፊው ላይ ጎን ለጎን የነበሩትን ክፍሎች በጠባቡ ላይ አንዱን ከሌላው በታች ይደረድራል። በዚህም አንድ ገጽ ለሁሉ ስለሚበቃ፣ ለስልክና ለኮምፒዩተር ለየብቻ ማሠራት፣ ዋጋም በተለወጠ ቁጥር ሁለቱን ማረም ይቀራል።

ነገሩ ላኪዎችንም ይመለከታል። ጉግል የተባለው የመፈለጊያ ድርጅት ገጾችን የሚመዘግበው በስልክ በሚታዩበት መልክ ስለሆነ፣ ከቡና ወይም ከሰሊጥ ላኪ ገጽ በስልክ ላይ የጎደለው ነገር በባሕር ማዶ ገዢ ፍለጋም ላይ ይጎድላል።

ሆኖም ሥዕል ጠብቦ ስለታየ ክብደቱ ቀነሰ ማለት አይደለም። መጠኑ ሳይቀነስ የተጫነ ፎቶግራፍ ገጹን ያዘገያል፤ የገዢውንም የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል።

ስለዚህ ነጋዴው ከሠሪው ጋር ሲዋዋል እነዚህን ነገሮች በውሉ ላይ ማስፈር ይገባዋል። የመጨረሻውንም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ገጹን በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን በሱቁ ሠራተኛ አነስተኛ ስልክ ከፍቶ፣ የአማርኛው ፊደል ሳይጎላ መነበቡን፣ ዋጋው ሳይቆረጥ መታየቱን፣ የስልክ ቁጥሩም ሲነካ መደወሉን ይመርምር። ይህ ምርመራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ የሚጠብቀው ግን ለማሠሪያ የወጣውን ገንዘብና ገና የሚመጣውን ደንበኛ ነው።