በአፍንጫና በጉረሮ ስለሚኖሩት ባክቴሪያዎችና ስለ ሕፃናት የሳምባ ምች

አንድ ሕፃን ጉንፋን ይዞት ሦስት ወይም አራት ቀን ካፍንጫው ንፍጥ ሲወርድ ከሰነበተ በኋላ፥ ቤተ ሰቡ ተሻለው ሲል ድንገት ትኩሳቱ አገርሽቶ ትንፋሹ ይፈጥናል። እናቲቱ «ብርድ መታው» ትላለች፤ ጎረቤቶችም «ምች ነው» ይላሉ። የሕክምና ሊቃውንት ነገሩን መርምረው የደረሱበት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሕፃኑን የጣለው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ በዚያ ቀን ከውጭ የመጣ ሳይሆን፥ አስቀድሞ በገዛ አፍንጫው ውስጥ ምንም ሳይጎዳው ተቀምጦ የነበረ ነው።

ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ዋነኛው ኒሞኮከስ ይባላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተርና የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ጆርጅ ስተርንበርግ፥ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይመካከር ለየብቻቸው ገለጡት። ፓስተር ያገኘው በእብድ ውሻ በሽታ ከሞተ ሕፃን ምራቅ ውስጥ ነው። ስተርንበርግ ግን የራሱን ምራቅ ወስዶ ጥንቸሎችን ቢወጋበት ጥንቸሎቹ ሞቱ፤ እርሱ ግን ፍጹም ጤነኛ ነበረ። ጤነኛ ሰው ገዳይ የሆነውን ነገር በአፉ ተሸክሞ ያለ ሥጋት ሊኖር መቻሉ በዚያን ጊዜ ታላቅ ግርምት ነበረ፤ ዛሬም ቢሆን ነገሩን ለሚያስተውለው ሰው የሚያስገርም ነው።

አፍንጫና ጉረሮ ከተወለድንበት ቀን ጀምሮ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚሰፍርባቸው ሥፍራዎች ናቸው። ኒሞኮከስን ከሁሉ አብልጠው የሚሸከሙት ሕፃናት ሲሆኑ፥ በብዙ ድኻ አገሮች ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት በአፍንጫቸው ይዘውት ይገኛሉ። አያት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ሲስሙ ባክቴሪያው ወደ እርሳቸው ይተላለፋል፤ የሽማግሌ ሰውነትም እንደ ሕፃን ሰውነት መከላከያው የደከመ ስለ ሆነ ለአያትም አደገኛ ነው።

ይሁን እንጂ በአፍንጫ የሚኖሩት ሁሉ ጠላቶች አይደሉም። ኮርይኔባክቴሪየምና ዶሎሲግራኑለም የሚባሉት ወገኖች በብዛት በሰፈሩበት አፍንጫ ኒሞኮከስ ብዙ ጊዜ አይበረታም፤ እንዲህ ያሉትም ሕፃናት በመተንፈሻ አካል ሕመም የሚያዙት ጥቂት ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ የሚሠሩ ሊቃውንትም በ2016 ዓ.ም. (በፈረንጆች)፥ ከአፍንጫ ባክቴሪያዎች አንዱ ሌላውን ክፉ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ራሱ እንደሚያዘጋጅ ገልጠው ሉግዱኒን የሚል ስም አወጡለት።

ሰውነትም በበኩሉ ዘበኛ አለው። ንፍጥ ባክቴሪያን ይይዛል፤ እንደ ጠጉር የቀጠኑ ነገሮች በመተንፈሻው ቧንቧ ግድግዳ ላይ ሆነው እየተወዛወዙ ያንን ንፍጥ ወደ ላይ ይጠርጋሉ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ከማግኘቱ ከስድስት ዓመት በፊት፥ በ1922 ዓ.ም. (በፈረንጆች)፥ ባክቴሪያን የሚያሟሟ ላይሶዛይም የሚባል ነገር በአፍንጫ ንፍጥ ውስጥ እንዳለ አስታውቆ ነበር። በጤናማ ሰው እንኳ በእንቅልፍ ጊዜ ጥቂት ምራቅ ወደ ሳምባ መውረዱ አይቀርም፤ ነገር ግን ጠራጊዎቹ ፈጥነው ያስወጡታል።

ኢንፍሉዌንዛን የመሰለ ቫይረስ በመጣ ጊዜ ግን እነዚህ ጠራጊዎች ይቃጠላሉ፤ የቧንቧውም ልባስ ይገሸለጣል። ቫይረሱ ከሕዋሳቱ ላይ የሚገፍፈው የስኳር ዓይነትም ለኒሞኮከስ ቀለብ ይሆነዋል። ስለዚህ ትናንት በሰላም የተቀመጠው ባክቴሪያ በዝቶ ወደ ሳምባ ይወርዳል። በ1911 ዓ.ም. በአገራችን ብዙ ሕዝብ የፈጀው «የኅዳር በሽታ» ይኸው ነበረ። ያው ወረርሽኝ በአሜሪካ የገደላቸው ወታደሮች የሳምባ ቁራጭ ተጠብቆ ቆይቶ ከዘጠና ዓመት በኋላ ቢመረመር፥ ከሞቱት አብዛኞቹን የጨረሳቸው ቫይረሱ ብቻውን ሳይሆን ተከትሎት ከአፍንጫና ከጉረሮ የወረደው ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ለዚያ ዘመን መታሰቢያ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ይቃጠላል። መታሰቢያነቱና ጽዳቱ መልካም ነው፤ ጢሱ ግን ለሕፃን ሳምባ ወዳጅ አይደለም።

የማድቤት ጢስማ ከዚህ የከፋ ነው፤ በየቀኑ ነውና። በእንጨትና በኩበት ጢስ መካከል የሚያድግ ሕፃን በሳምባ ምች የመያዝ አደጋው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። እናት ምጣድ በምትጥድበት ሰዓት ሕፃኑን አዝላ ከመቆም ለሌላ ሰው ብትሰጠው ይሻላል።

ከዚህም ጋር ስለ እንጥል መናገር ግድ ነው። ሕፃን ሲያስለው «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ በምላጭ የሚያስቈርጡ ወላጆች ዛሬም አልጠፉም። እንጥል የሳል ምክንያት አይደለም። ባክቴሪያ በተሞላ ጉረሮ ውስጥ ቁስል መክፈት ግን በሽታውን ወደ ደም የሚያስገባ በር መክፈት ነው፤ ደም ፈሶት ወይም መንጋጋ ቆልፍ ይዞት የሚሞትም አለ። ለተራ ጉንፋንም አንቲባዮቲክ ገዝቶ መስጠት ቫይረሱን አይነካውም፤ ጠባቂዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ የተረፉትንም ክፉዎች መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋል።

አገራችን በ2004 ዓ.ም. ለሕፃናት ሁሉ መስጠት የጀመረችው የኒሞኮከስ ክትባት በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ይህ ክትባት ሳምባን ከመጠበቁ በላይ ባክቴሪያውን ከአፍንጫ ውስጥ ይቀንሰዋል። በአሜሪካ በ2000 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ሕፃናት መከተብ ከጀመሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ ያልተከተቡት አያቶቻቸው እንኳ በዚህ በሽታ የሚያዙት እየቀነሱ ሄዱ። ነገር ግን የኒሞኮከስ ዓይነቱ ከ100 ስለሚበልጥ፥ ክትባቱም የሚመለከተው ጥቂቶቹን ክፉዎች ብቻ ስለ ሆነ፥ የተለቀቀውን ቦታ ሌሎቹ ዓይነቶች ይይዙታል። ስለዚህ የተከተበ ልጅ አይታመምም ማለት አይደለም።

እናት በቤቷ ሆና ልታውቀው የምትችለው ዋነኛ ምልክት የትንፋሽ ቍጥር ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በአንድ ደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፥ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፥ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ፥ ጡት መጥባት ያቃተው ወይም የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ግን ቍጥሩን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወዲያው ይወሰድ። ትንፋሽ የሚቈጠረው ልብሱ ተገልጦ፥ ሰዓት ተይዞ፥ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነው፤ ሕፃኑ እያለቀሰ ወይም እየጠባ ሳለ የተቈጠረው ስለማያገለግል፥ ዝም እስኪል ጠብቆ እንደ ገና መቍጠር ያስፈልጋል።