«ሳይቃጠል በቅጠል»፦ የአካታች ቀዳማይ ልጅነት ክብካቤ ወጪ በማን ይሸፈናል?

አንድ ሕፃን ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ሳይፈታ ሲቀር በብዙ ቤት የሚሰማው ቃል «ታገሡ፤ ሲያድግ ይናገራል» የሚል ነው። አንዳንድ ጊዜ ነገሩ እንደተባለው ይሆናል። ሳይሆን ሲቀር ግን በመጠበቅ ያለፉት ወራት ተመልሰው አይገኙም። አንጎል ቋንቋን፣ እንቅስቃሴንና ከሰው ጋር መግባባትን እጅግ ፈጥኖ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት ነው፤ ስለዚህም በዚያ ዕድሜ የሚሰጥ ድጋፍ ዘግይቶ ከሚሰጠው የበለጠ ፍሬ ያፈራል። መንግሥታት ለቀዳማይ ልጅነት በጀት የሚመድቡበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 240 ሚሊዮን ያህል ልጆች ከአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖሩ አመልክቷል። ይህም ከ10 ልጆች አንዱ ማለት ነው።

ማካተት ሲባል

አካታች መዋእለ ሕፃናት ማለት የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ከበር የማይመልስ ተቋም ማለት ብቻ አይደለም። ልጁ ተመዝግቦ ቀኑን ሙሉ በአንድ ጥግ ብቻውን ቢቀመጥ ገባ እንጂ አልተካተተም። ማካተት ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች መግቢያ፣ የሠለጠነች ሞግዚት፣ የንግግርና የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ ለልጁ በግል የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋሉ። ስለሆነም ሕጉ የሰጠው መብት በተግባር የሚታየው ወጪውን የሚሸፍን አካል ሲኖር ነው።

የኤምሬቶች ሕግ ምን ይላል?

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 29፣ የአካል ጉዳት በራሱ ወደ ማንኛውም የመንግሥት ወይም የግል ትምህርት ተቋም ከመግባት እንደማያግድ ይደነግጋል። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው በ2010 ሲሆን ኢትዮጵያም ስምምነቱን ያጸደቀችው በዚያው ዓመት ነው። በ2017 ደግሞ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ጠቅላይ ሚኒስትርና የዱባይ ገዥ ሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ አል ማክቱም ብሔራዊውን ፖሊሲ ይፋ አደረጉ። አካል ጉዳተኞች በዐረብኛ «አስሓብ አል ሂመም» ተብለው እንዲጠሩ የተወሰነውም ያን ጊዜ ነው፤ ስያሜው ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጽኑ ወኔ ባለቤቶች» እንደማለት ነው።

ገንዘቡ የሚደርስባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ቀድሞ መለየት ነው። በኤምሬቶች የጨቅላ ሕፃናት ብሔራዊ የደም ምርመራ የተጀመረው በ1995 ነው። ከሕፃኑ ተረከዝ በምትወሰድ ጥቂት የደም ጠብታ ከሚለዩት ሕመሞች አንዱ ከመወለድ ጀምሮ የሚታይ የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን እጥረት ነው። ሕመሙ ካልታከመ የአእምሮ ዕድገትን ይጎዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረሰበት ግን በየቀኑ በሚወሰድ መድኃኒት ልጁ እንደ እኩዮቹ ሊያድግ ይችላል። የምርመራው ዋጋ ዕድሜ ልክ ከሚዘልቀው የድጋፍ ወጪ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛው መንገድ መንግሥት ራሱ የሚያቋቁማቸው ተቋማት ናቸው። በአቡ ዳቢ በ2004 የተመሠረተው በሼክ ዛይድ ስም የሚጠራው የአካል ጉዳተኞች ድርጅት የሕክምናና የትምህርት ማዕከላትን ያስተዳድራል። በ2019 የተቋቋመው የአቡ ዳቢ የቀዳማይ ልጅነት ባለሥልጣን ደግሞ ከእርግዝና እስከ 8 ዓመት ያለውን ዕድሜ በጤና፣ በልጆች ጥበቃ፣ በቤተሰብ ድጋፍና በትምህርት በኩል ይከታተላል።

ሦስተኛው መንገድ ከበጎ አድራጎት የሚገኝ ድጋፍ ነው። ከ1979 ጀምሮ የሚሠራው የሻርጃ የሰብአዊ አገልግሎት ከተማና በ1981 በዱባይ የተከፈተው አል ኑር ማዕከል የውጭ አገር ዜጎችን ልጆችም ያስተናግዳሉ።

ለነዋሪው የሚቀረው ሸክም

በኤምሬቶች የሚኖሩ አብዛኞቹ የውጭ አገር ዜጎች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ከፍለው በግል ተቋማት ነው። ረዳት ሞግዚት ወይም የንግግር ሕክምና ሲጨመር ወጪው ይከብዳል፤ መብቱና የወላጅ ኪስ የሚጋጩትም እዚህ ላይ ነው። ዱባይ በ2017 ያወጣችው የአካታች ትምህርት ማዕቀፍ የግል ትምህርት ቤቶች ልጅን በአካል ጉዳቱ ምክንያት ብቻ እንዳይመልሱ ያዛል። ስለዚህ ወላጅ ከመመዝገቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሣ ይጠቀማል። በመደበኛው ክፍያ ውስጥ የሚካተተው ድጋፍ የትኛው ነው? ተጨማሪ የሚከፈልበትስ የትኛው ነው? ስምምነቱ በጽሑፍ ይሰጣል ወይ? «ቦታ የለንም» የሚል መልስ ሲሰጥም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጽሑፉ ጉዳዩን ለሚመለከተው ባለሥልጣን ለማቅረብ ይረዳል።

ከልጁ ጋር የምትውለው እኅት

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ እኅቶች በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ውስጥ ሥራና በሕፃናት ጥበቃ ተሠማርተዋል። ልጁ ለስሙ እንደማይዞር ከወላጆቹ አስቀድማ የምታየው ብዙ ጊዜ አብራው የምትውለው ናት። የሕክምና ባለሙያዎች ከሚያስጠነቅቁባቸው ምልክቶች መካከል አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን በጣቱ አለማመልከቱ ወይም በምልክት አለመግባባቱ፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል አለመናገሩ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃላት አለማገናኘቱ ይገኙበታል። ቀድሞ የነበረውን ንግግር ወይም ችሎታ ማጣት ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ሐኪም ጋ ሳይዘገዩ የሚያስኬድ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ልጁ የግድ አካል ጉዳት አለበት ማለት አይደሉም፤ ምርመራ ይፈልጋል ማለት ናቸው። ስለዚህ ተንከባካቢዋ ለቤተሰቡ ስትናገር የሕመም ስም ሳትሰጥ ያየችውን ብቻ ብትገልጽ ይበቃል። «በዚህ ሳምንት ከኋላው ስጠራው አልዞረም» የሚለው ቃል ለሐኪሙም ጠቃሚ መረጃ ይሆናል።

በሁለት ቋንቋ ማደግ ሕፃንን እንደማያዘገይም ማወቅ ይጠቅማል። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ውጭ ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚሰማ ልጅ የሚያውቃቸው ቃላት የሚቆጠሩት በሁሉም ቋንቋ ተደምረው ነው። ስለዚህ ወላጆች ልጁ እንዳይደናገር ብለው አማርኛውን ሊያስተዉት አይገባም፤ መዘግየቱንም በቋንቋ ብዛት አመካኝተው ምርመራውን ሊያስተላልፉ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በታሽከንት የተሰበሰቡ መንግሥታት ከትምህርት በጀት ቢያንስ 10 በመቶው ለቅድመ መደበኛ ትምህርት እንዲውል ተስማምተዋል። በጀቱን መመደብ የመንግሥታት ድርሻ ነው። የተመደበው ገንዘብ ለአንድ ልጅ በጊዜው የሚደርሰው ግን አስቀድሞ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው የልጁን ሁኔታ ልብ ብሎ «ይመርመር» ሲል ነው።