ፊደል መቁጠርና ማንበብ ለየቅል ናቸው

አንደኛ ክፍል ግቡና አንዱን ልጅ ወደ ፊደል ገበታው ጥሩት። ከ«ሀ ሁ» ተነሥቶ አንድም ሳይስት ይወርደዋል። ድንገት «ሙ» ላይ ጣታችሁን አሳርፉና «ይህቺስ ማን ናት?» በሉት። ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«ሀ» ጀምሮ በልቡ ይቆጥራል፤ እዚያ ሲደርስ ነው «ሙ!» የሚለው። ልጁ የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

የዚህ ዋጋ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን አገር ደነገጠ። ኩረጃን ለመግታት ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቶ ነበር። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ 3.3 በመቶ ሆኑ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 የአላፊዎቹ ድርሻ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ያም ሆኖ ከአሥር ተፈታኝ ዘጠኙ ወድቋል።

ወቀሳው በ12ኛ ክፍል መምህራንና በፈተናው ላይ ዘነበ። ልጆቹ የተሸነፉት ግን ገና በጠዋቱ ነው። በዓለም ባንክ ግምት በኢትዮጵያ የአሥር ዓመት ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ትምህርት ቤት በየገጠሩ ተከፍቷል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፊደል ለመቁጠር በቅተዋል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን በታችኞቹ ክፍሎች ልጅ ሳያነብም ያልፋል። በታጨቀ ክፍል ውስጥ ሁሉም በኅብረት ሲጮኽ፣ ማን እንዳወቀና ማን ድምፁን ብቻ እንዳዋጣ መምህሩ በምን ይለያል? ያው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፊዚክስ መጽሐፍ ይሰጠዋል።

የቄስ ትምህርት ቤቱ የኔታ ግን ዜማ መያዝና ማንበብ እንደሚለያዩ ያውቁ ነበር። «ሀ ሁ»ን ያጠናቀቀ ልጅ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። ቅደም ተከተሉ ስለሚፈርስ ምላስ የለመደው አያድንም፤ ዓይን መለየት አለበት። ያውም እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው፣ በስንደዶ እየተጠቆመለት ነበር።

መድኃኒቱም ከዚሁ ይጀምራል። ምርጡ መምህር አንደኛ ክፍል ይመደብ፤ ሁለተኛ ክፍል ሳያልቅ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ሲያነብ ይደመጥ፤ ያልቻለው ሳይረፍድ ይደገፍ። ወላጆችም ዛሬ ማታ የልጃችሁን መጽሐፍ መሐሉ ላይ ግለጡና አንዲት ቃል ጠቁሙለት። ዝም ካለ አትቆጡት፤ ነገ ጠዋት ግን መምህሩ ዘንድ ሂዱ።