በረዶ ባይኖረንም፦ አበበ ቢቂላ በኖርዌይ፣ ወንድማችን በቡራዩ

 

ዛሬ ስለ በረዶ ነው የምናወራው። "ዶክተር፣ ቡራዩ ላይ ደግሞ የምን በረዶ?" እንዳትሉኝ፤ መጨረሻው እዚሁ ሰፈራችን ነው።

ሰሞኑን አንድ ወጣት ቤቱ ድረስ እየሄድኩ አክም ነበር። ግንባታ ላይ ሲሠራ ወድቆ አከርካሪው ተጎድቷል፤ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። የተጠራሁት ተረከዙ ላይ ለወጣ የአልጋ ቁስል ነው። በሦስተኛው ቀን ቁስሉን አጥቤ ልወጣ ስል እናቱ ቀስ ብለው "ዶክተርዬ፣ ፀሐይ ላይ ብናወጣው ይጎዳው ይሆን?" አሉኝ። ለካ ከግቢ ከወጣ ሰባት ወር ሆኖታል! ዊልቸሩ ጥግ ቆሞ ልብስ ተሰቅሎበታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ቁስሉን ሳይ "ከቤት ትወጣለህ ወይ?" ብዬ አልጠየቅኩትም።

የዚያን ዕለት የነገርኳቸውን ታሪክ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

🔹 አበበ ከማራቶን በኋላ

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን እንዳሸነፈ ሁላችንም እናውቃለን። በ1969 ሸኖ አካባቢ በደረሰበት የመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎዳ። መጀመሪያ ላይ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም ነበር። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታክሞ እጆቹ ቢመለሱለትም እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ታሪኩ እዚህ ላይ አያልቅም። በ1970 እዚያው እንግሊዝ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ወደተዘጋጀ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በእንግድነት ተጋበዘ። ቁጭ ብሎ ከማየት ይልቅ ገብቶ ተወዳደረ፤ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ! የመጀመሪያው የክረምት ፓራሊምፒክ ስዊድን ላይ የተካሄደው ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1976 ነው።

🔹 ስፖርቱ ሕክምና ነው?

አዎ! ስቶክ ማንደቪል ውስጥ የአከርካሪ ሕክምና ክፍልን የመሠረቱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። በዚያ ዘመን አከርካሪው የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ነበር። እሳቸው ታካሚዎቻቸው በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረጉ፤ ከ1948 ጀምሮ ደግሞ የስፖርት ውድድር አዘጋጁላቸው። ምክንያቱም እንቅስቃሴ ክንድና ትከሻን ያጠነክራል፣ ሳንባን ይከፍታል፣ ሆድ ድርቀትን ይቀንሳል፣ ድብርትንም ያቀላል።

🔹 በጎ ፈቃደኛው ምን ይሠራል?

በረዶ ባለበት አገር እግሩ የማይሠራ ሰው ከሥሩ የበረዶ መንሸራተቻ በተገጠመለት መቀመጫ ላይ ይታሰራል። በጎ ፈቃደኛው ከኋላ ገመድ ይዞ ፍጥነቱን ይቆጣጠራል፣ ሲወድቅም ያነሳዋል። ትልቁ ሥራው ግን ሌላ ነው፦ እግሩ ስሜት የሌለው ሰው ቅዝቃዜው ጣቱን ሲጎዳው አይሰማውም። ስለዚህ በየመሀሉ ቆመው እግሩን ያዩለታል። ዓይነ ስውር ከሆነ ደግሞ መሪው "ግራ፣ ቀኝ፣ ቁም" እያለ በድምፅ ይመራዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አትሌት ያየሽ ጌቴ በ2024 ፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ከመሪ ሯጭዋ ጋር በአንዲት አጭር ገመድ ተያይዘው ሮጠው ነው።

🔹 እኛስ እዚህ ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ጠይቁ። "ልግፋህ?" ሳትሉ ዊልቸር አትንኩ። ዓይነ ስውርን ጎትታችሁ አትውሰዱ፤ ክርናችሁን እሱ ይያዝ።
2. ኮብልስቶንና ቁልቁለት ላይ ተጠንቀቁ። ቁልቁለት ስትወርዱ ዊልቸሩን አዙራችሁ ወደኋላ እየሄዳችሁ አውርዱት፤ ፊት ለፊት ከወረደ ሰውዬው ሊወድቅ ይችላል።
3. ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ጎን ወይም ወደፊት ጋደል እያለ መቀመጫውን ለ2 ደቂቃ ያህል ያሳርፍ። ቁስሉ መቀመጫው ላይ ከሆነ ግን እስኪድን መቀመጥ የለበትም፤ ሐኪም አማክሩ።
4. የቡራዩን የጠዋት ብርድ አትናቁ። ከጉዳቱ በታች ሰውነት እንደ ሌላው ሰው አይንቀጠቀጥም፣ አያልበውም። ካልሲና ብርድ ልብስ ያዙ፤ ፍም ያለበት ከሰል አጠገብ ግን እግሩን አታድርጉ፣ ሳይሰማው ይቃጠላል።
5. ቤት ስትመለሱ ተረከዝ፣ ዳሌና መቀመጫ ላይ መቅላት ወይም መጥቆር መኖሩን እዩ።

⚠️ ጉዳቱ ከደረት አጋማሽ ጀምሮ ወደ ላይ የሆነ ሰው ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ላብ ከመጣበት የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ እየጨመረ ሊሆን ይችላል። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉ፣ የሽንት ቱቦው ታጥፎ ወይም ፊኛው ሞልቶ እንደሆነ እዩ። ጊዜ ሳታባክኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ያ ልጅስ? ተረከዙን በትራስ ደግፈን፣ ወንድሙና ሁለት የጎረቤት ልጆች እየተቀባበሉ ባለፈው እሁድ ወደ ገፈርሳ አቅጣጫ ወሰዱት። ኮብልስቶኑ አስቸግሯቸዋል፤ አንድ ቦታ ላይ አራት ሰው ተሸክሞ ነው ያሻገረው። የቆዩት ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በማግስቱ ቁስሉን ሳጥብ የጠየቀኝ ስለ ቁስሉ አልነበረም፤ "ዶክተር፣ ቅዳሜም መውጣት ይቻላል?" ነው ያለኝ።

በየሰፈራችን፣ በየእድራችን እንዲህ በር ተዘግቶበት ያለ ሰው አይጠፋም። በዚህ ሳምንት አንዱን ሄዳችሁ "እንውጣ?" በሉት። ይህን ጽሑፍ ለወዳጆቻችሁ አጋሩ፤ ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።